«እኔ ራሴ!» ሲሉ እጃችሁን ሰብስቡ

የወላጆች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው። ጥያቄያቸው ግን ተቀራራቢ ነው፤ ልጆቻችን ራሳቸውን እንዲችሉ ምን እናድርግ? መዋዕለ ሕፃናት ሳስተምርም፣ በኋላ የልጆች ንባብ ክፍል ስሠራም ወላጆች ሲጠይቁኝ የኖሩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ጉዳይ ሁሉ ለሚቀጥለው አሳድሬዋለሁ።

«ስልክ ካልያዘ ቀሚሴን ይዞ ነው የሚዞረው»

እትዬ፣ እንደምን አሉ? የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቁ ነው። ዘንድሮ ኤል ኬጂ ገብቷል። ባለፈው መምህሯ ጠርታኝ «ጃኬቱን አያወልቅም፣ አይለብስም፣ ምሳ ዕቃውን አይከፍትም፤ እጁን ዘርግቶ እኔን ይጠብቃል» አለችኝ። አፈርኩ። ቤት ውስጥ ሞግዚት አለችው፣ እናቴም አብራን ናት። ሁለቱም እየተሯሯጡ ያጎርሱታል። ብቻውን መጫወት አይሆንለትም። ምን ዓይነት መጫወቻ ብገዛለት ይሻላል?
— እናት፣ ከሰሚት

እህቴ፣ ምንም አትግዢ። አንድ ልጅ፣ አንዲት እናት፣ አንዲት አያት፣ አንዲት ሞግዚት። እዚህ ቤት የጎደለው መጫወቻ አይመስለኝም። ከጃኬቱ እንጀምር፤ መምህሯ የጠራችሽ በሱ ነውና።

ጃኬቱን መሬት ላይ ዘርጊው። ውስጡ ወደ ላይ ይሁን፣ ኮሌታው ደግሞ ወደ ልጁ እግር። ልጁ ኮሌታው ጋ ይቁም። ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም እጆቹን እጅጌው ውስጥ ይክተት። ከዚያ እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ ጃኬቱን በአናቱ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላው ይጣለው። በቃ፣ ለበሰ። መጀመሪያ ላይ ይጠመጠምበታል፣ ይናደዳል፣ ምናልባትም ያለቅሳል። ተይው። ዚፑን ከታች አንቺ ግጠሚለት፤ ወደ ላይ የሚስበው ግን እሱ ይሁን። ይህን ሁሉ ጠዋት ሰርቪስ በር ላይ ጥሩንባ እየነፋ እንዳትሞክሪው። ቅዳሜ፣ ማንም በማይቸኩልበት ሰዓት ነው የሚሆነው።

ምሳ ዕቃውንም እንዲሁ ቅዳሜ ባዶውን ስጪውና ይክፈት፣ ይዝጋ። አንቺም ሞክሪው። ያንቺንም ጥፍር የሚሰብር ክዳን ከሆነ ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ዕቃውን ቀይሪው። ምንም አትግዢ ያልኩትን እዚህ ላይ አንስቻለሁ።

አበላሉን በተመለከተ፣ ማጉረስ ፍቅር ነው። አያትን «አታጉርሺ» የሚል ሕግ ለማውጣት እኔም አልደፍርም። ግን ቁርስና እራት በየቀኑ በሰው እጅ ከሆነ የልጁ እጅ መቼ ይማራል? በአንድ እጅ እንጀራ መቁረስ ለትንሽ ልጅ ከባድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፍርፍር በማንኪያ ይብላ። ቀጥሎ እንጀራውን በጉርሻ ልክ ቆራርጣችሁ አቅርቡለት፣ መጠቅለሉን እሱ ይልመድ። ሽሮ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፉ። አያትም በዓል ሲመጣ፣ ወይም ልጁ ራሱ በልቶ ሲጨርስ፣ አንድ የፍቅር ጉርሻ ይኑራት።

እናትሽን ከጉርሻው ስታስወጫት ሌላ ሥራ ስጪያት፤ አለበለዚያ ቅር ይላታል። የኔ ምርጫ እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ!» ትበለው፣ «ምን አውቅልሽ!» ይበላት። የአራት ዓመት ልጅ አብዛኛውን መልስ አያውቀውም፤ አገር መስጠት ግን ይችላል። ጎንደርን ይስጣት፣ ሐረርን ይስጣት፣ ከፈለገም ሰሚትን። ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ሲወሰንለት ለሚውል ልጅ አገር መስጠት ቀላል ሥልጣን አይደለም።

አሁን ወደ ሞግዚቷ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጁ ወድቆ ጉልበቱ ቢላጥ ማን ነው የሚቆጣት? ልብሱ ጭቃ ቢነካስ? ብዙ ሞግዚቶች ልጁን ቴሌቪዥን ፊት የሚያስቀምጡት ፈርተው እንጂ ሰንፈው አይደለም። ስልክ የያዘ ልጅ አይወድቅም፣ አይቆሽሽም፣ ማታ ላይም ጥያቄ አያመጣም። ስለዚህ አፍ አውጥተሽ ንገሪያት። «ቢቆሽሽ ይታጠባል። ቢላጥ ይድናል። እኔ አልቆጣሽም» በያት። ከዚያም የተላጠውን ጉልበት ስታዪ ቃልሽን ጠብቂ፤ እሷ የምታየው ያን ዕለት ያሳየሻትን ፊት ነው። የበረንዳው በር ግን ይቆለፍ። አራተኛ ፎቅ ላይ በዚህ ድርድር የለም።

ጨዋታውስ? ሳሎን ጥግ ላይ ቦታ ስጪው። ካርቶን፣ የታጠበ የዘይት ጄሪካን፣ አሮጌ ነጠላ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ቆርኪ። (ቤት ውስጥ ታናሽ ካለ ቆርኪውን አስወጪው፤ ሕፃን ሁሉን ወደ አፉ ነው የሚከተው።) እቃ እቃ ይጫወት። ወንድ ልጅ እቃ እቃ አይጫወትም የሚል ዘመድ ካለ፣ የከተማውን ምግብ ቤቶች ጓዳ ገብቶ ማን ወጥ እንደሚሠራ ይይ።

እኔ በጣም የምወደው ግን የታክሲውን ጨዋታ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ወንበር ከተሰጠው ታክሲ ይሠራል። ይደረድራቸዋል፣ በሩን በአየር ላይ ይከፍታል፣ «መገናኛ! መገናኛ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ያኔ ተሳፋሪ ሁኚና ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ሒሳብ ሲጠይቅሽ ሁለት ቆርኪ ክፈይ፣ መልስ ጠይቂው። መልሱን አበዛም አሳነሰም ተቀበይ። ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚወርድ፣ ትራፊክ መቼ እንደሚያስቆመው የሚወስነው እሱ ነው። መሀል ገብተሽ «ሁለት ሲደመር ሦስት ስንት ነው?» ያልሽ ዕለት ታክሲው ይቆማል። ልጆች ፈተና ከሩቁ ይሸታቸዋል።

ብቻውን መጫወትን በአንዴ አትጠብቂ። መጀመሪያ አንቺ ሽንኩርትሽን እየላጥሽ እሱ እግርሽ ሥር ይጫወት። ሲጠራሽ «እም» በዪ፣ ሥራሽን አታቋርጪ። «ደበረኝ» ሲል ወዲያው ሐሳብ አታቅርቢለት። ትንሽ ይነጫነጫል፣ ከዚያ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል። አሥር ደቂቃ ካስቆየው ለጊዜው ይበቃል። ስልኩን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ ይመክራል፤ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ከማዕድ ላይ አንሺውና ጀምሪ።

ስለ ቤተ መጻሕፍት አልጠየቅሽኝም። እኔ ግን አነሳዋለሁ፣ አመሌ ነው። አራት ኪሎ ከፓርላማው ፊት ለፊት ያለው አብርሆት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ለልጆችም ክፍል ይዞ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ውሰጂው። መደርደሪያው ፊት አቁሚውና ራሱ ያውጣ። አውጥቶ ቢገልጥ፣ ባይወደው፣ ሌላ ቢያወጣ ዝም በዪ። ዘቅዝቆ ይዞ ከኋላ ወደ ፊት ቢያገላብጥም ዝም በዪ። «ይህ ምን ፊደል ነው?» እንዳትዪው፣ አደራ። 20 ደቂቃ ከበቃው ውጡ፤ በሩ ላይ ገና ልቡ እዚያው እያለ መውጣት አልቅሶ ከመውጣት ይሻላል። ሌላ ምስጢር ልንገርሽ፤ ብዙ ቦታ ልጁ መጽሐፉን ያለ ቦታው ከሚሰካው ጠረጴዛ ላይ ቢተወው ለሠራተኞቹ ይቀላል። ወገቤ ምስክሬ ነው።

«እኛን ማን አጫወተን?»

ልጄ፣ አምድሽን የልጅ ልጄ ታነብልኛለች። እኛ በስድስት ዓመታችን ጥጃ እንጠብቅ ነበር። ማን አጫወተን? ማንስ ቤተ መጻሕፍት ወሰደን? ልጆቹን እያሞላቀቃችሁ የምታበላሹት እናንተው ናችሁ።
— አያት፣ ከደብረ ማርቆስ

አባቴ፣ ግማሹን እቀበልዎታለሁ። ጥጃ ጠባቂው ልጅ ቀኑን ሙሉ ከትልቅ ሰው ዓይን ርቆ ይውል ነበር። ውኃ የት እንደሚያጠጣ፣ ጭራሮ ማን እንደሚለቅም፣ በጨዋታው ማን አለቃ እንደሚሆን ከጓደኞቹ ጋር ይወስን ነበር። ከጭቃ በሬ ጠፍጥፎ ያርስ ነበር። ማንም ሳያጫውተው ጥሩ አድርጎ ተጫውቷል። የዛሬው የከተማ ልጅ ግን ከደጁ ሲወጣ የሚጠብቀው መኪና ነው። ያንን ሜዳ ሳሎን ውስጥ በካርቶን ለመተካት የምንጥረው ወደን አይደለም።

ግማሹን የማልቀበለው ደግሞ ጥጃው አምልጦ እናቱን ሲጠባ የተገረፈውን ልጅ እርስዎም ስለሚያውቁት ነው። እሱን ረስተን ደጉን ብቻ ባናወራ ጥሩ ነው። ይልቅ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ለክረምት የልጅ ልጆችዎ ሲመጡ ከጭቃ በሬ መሥራት ያሳዩዋቸው። ቀንዱ ሲደርቅ እንዳይሰበር ምን እንደምታደርጉ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።

«ሰው ሲያናግራት ከእግሬ ጀርባ ትደበቃለች»

ሰላም እትዬ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ኡበር እነዳለሁ። ባለቤቴ ነርሲንግ ሆም የማታ ሺፍት ትሠራለች። ጠዋት እሷ ስትተኛ የአምስት ዓመት ልጃችንን የምይዛት እኔ ነኝ። ላይብረሪ ልውሰዳት እልና ሁለት ነገር ይይዘኛል። መጽሐፍ ብትቀድ ወይም ብናዘገይ ስንት ያስከፍሉናል? ደግሞ በጣም ዓይናፋር ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ሳነብላት ደግሞ ትስቅብኛለች።
— አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ ከገንዘቡ እንጀምር። እናንተ አካባቢ ያሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲም የዲሲም፣ ለዘገየ መጽሐፍ መቀጫ መጠየቅ ትተዋል። የጠፋ ወይም እንዳይነበብ ሆኖ የተበላሸ ግን ይከፈላል። ስለዚህ ጭንቀትህን ከማዘግየት ወደ መጥፋት አዙረው። በር አጠገብ አንድ ቦርሳ ስቀል። የላይብረሪ መጽሐፍ ሲነበብ እሷ እጅ ላይ ነው፣ ሲያልቅ ቦርሳው ውስጥ ነው። ሦስተኛ ቦታ የለውም። ሲዋሱ የሚወጣውን ደረሰኝ ፍሪጁ ላይ በእሷ ቁመት ለጥፈው፤ ያነበበችው ላይ ምልክት ታድርግበት።

ካርዱን በእሷ ስም አውጣላት። አንተ መታወቂያህን ይዘህ ትፈርማለህ፣ ካርዱ ግን የእሷ ነው። ትንሽ ቦርሳ ካላት እዚያ ይግባ። ውሰቱን በሚመዘግበው ማሽን ላይ መጽሐፉን የምታስነብበው እሷ ትሁን። «ቲት» የሚለውን ድምፅ ለመስማት ብቻ አምስት መጽሐፍ የሚዋስ ልጅ ብዙ ነው፤ ይዋስ። የሚመለሰውንም በመመለሻው ቀዳዳ እሷ ትክተተው። አንተ የምትሸከመው ከብዷት ስትጠይቅህ ብቻ ነው።

ዓይናፋርነቷን እንዲህ ያዘው። ለሰው ስታስተዋውቃት «ዓይናፋር ናት» እያልክ በፊቷ አትናገር። ደጋግመህ የነገርካትን ስም ይዛ ታድጋለች። እኛ ደግሞ ልጅ ዝም ሲል ጨዋ ነው እያልን ስናመሰግን ኖረን፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ለምን አይናገርም ብለን እንቆጣለን። እኔ ብሆን በደረጃ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ስትሄዱ ካርዷን ለሠራተኛዋ ትስጥ፣ በቃ። ሌላ ጊዜ የምትፈልገውን በጣቷ ታሳይ። ቀጥሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር መኪና ውስጥ ተለማመዱ፤ «የድመት መጽሐፍ የት ነው?» የምትል ትበቃለች። አንተ ሠራተኛ ሁን፣ ከዚያ ተቀያየሩ። እዚያ ስትደርሱ ድምፅዋ ቢጠፋ አትናገርላት። የልጆች ክፍል ሠራተኞች ጎንበስ ብሎ መጠበቅ ሥራቸው ነው። የምትቸኩለው አንተ ነህ። እጅህን ኪስህ ከትተህ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አንብብ። ባትናገርና ያለ ድመት ብትመለሱም ምንም አይደል፣ ድመቷ የትም አትሄድም።

እንግሊዝኛህ ስላሳቃት ደስ ይበልህ። «በይ እስቲ አርሚኝ» በላት። ሌላ የትም ቦታ አባቷን የምታስተምርበት ዕድል የላትም። በቀረው ጊዜ ጽሑፉን ተወውና ሥዕሉን በአማርኛ አውሩት። «ይህ ጅብ ምን ሊያደርግ ነው?» በእንግሊዝኛ ትመልስ፣ አንተ በአማርኛ ቀጥል። ካውንቲው የአማርኛ መጻሕፍትም ስላሉት በቅርንጫፋችሁ ጠይቅ፤ እንዲያውም እሷ ትጠይቅ። ስለ መጽሐፍ ምርጫዋ ከኔ ጋር አትከራከር። ያንኑ ልዕልት ደጋግማ ብትዋስ የምትሰለቸው አንተ ነህ። ሦስቱን እሷ ትምረጥ፣ አንዱን አንተ፤ ያንተን ባታስነብብህም አትቀየም።

እረፍት ስትወጣ ደግሞ በቀይ መስመር ሜትሮ ተሳፍራችሁ ዲሲ መሀል ያለውን የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት እዩ። በ2020 እ.ኤ.አ. ታድሶ ሲከፈት ለልጆች መንሸራተቻ ተሠርቶለታል። መጀመሪያ የተሰለቸ ልጅም ለመንሸራተቻው ብሎ ይመጣል፤ መጽሐፉ እዚያው አጠገቡ ነው። ዲሲ ውስጥ የምትኖሩና ከ5 ዓመት በታች ልጅ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ፣ ከተመዘገባችሁ የከተማው ቤተ መጻሕፍት በየወሩ አንድ መጽሐፍ በልጁ ስም በፖስታ እንደሚልክላችሁ አትርሱ። በስሙ ፖስታ የሚመጣለት ልጅ እንዴት እንደሚንጠራራ አይታችሁ ንገሩኝ።

አንድ ማሳሰቢያ። ራሷን ትቻል ስልህ ትተሃት ውጣ ማለቴ አይደለም። ትንንሽ ልጆችን ብቻቸውን ትቶ መሄድ የቤተ መጻሕፍቱ ደንብም አይፈቅድም። ቀና ስትል የምታይህ ቦታ ተቀመጥ። ኡበሩንም አጥፋው፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር «እንውጣ» የሚል አባት ያለው ልጅ መጽሐፍ መክፈት ይተዋል።

«ከተማችን ቤተ መጻሕፍት የላትም»

እትዬ፣ ከሐዋሳ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ አስተምራለሁ። የ6 እና የ3 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። የጎረቤት ልጆችም ከቤቴ አይጠፉም። ወደ 20 የሚሆኑ የልጆች መጻሕፍት አሉኝ፣ ግማሾቹ ተቀደዋል። በዚህ ምን ይሠራል?
— መምህርት

አንቺማ ጎረቤትሽ ታሪክ አለ። ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ወደ አገር ተመልሰው በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ጋሪ መጽሐፍ ጭኖ ወደ ልጆች እንዲሄድ አደረጉ። ሲ ኤን ኤን በ2008 እ.ኤ.አ. ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ የመረጣቸው በዚሁ ነው። አህያ ባይኖርሽም 20 መጽሐፍ አለሽ።

የለስላሳ ሣጥን ፈልጊ። መጽሐፎቹን ጀርባቸው ሳይሆን ሽፋናቸው እንዲታይ አቁሚያቸው፣ ማንበብ የማይችል ልጅ የሚመርጠው በሥዕል ነው። ሣጥኑ መሬት ላይ ይሁን። አንድ ደብተር ይኑር። ስሙን መጻፍ የማይችል ልጅ የራሱን ምልክት ይሳል፤ አንዱ ዓሣ፣ አንዱ ፀሐይ። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ሳምንት። ሲመለስ ምልክቱ ላይ መስመር ይሰመርበታል። ደብተሩን የ6 ዓመቷ ልጅሽ ትያዘው። ትሳሳታለች፣ ለምትወደው ጓደኛዋ ሁለት ትሰጣለች፣ ከሌላዋ ጋር ትጣላለች። እነዚያን ጠቦች እነሱው ይጨርሱ፤ አንቺ የምትገቢው ቡጢ ሲነሳ ነው።

የተቀደደውን ከልጆቹ ጋር ጠግኑት። የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጠሽ እሳት ላይ እስኪወፍር አማስዪው፣ ሲቀዘቅዝ ከሥሥ ወረቀት ጋር በደንብ ይይዛል። የቀደደው ልጅ ቅጣቱ ይህ ነው፣ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ መለጠፍ። ብዙውን ጊዜ ይወዱታል፤ ሆን ብሎ የቀደደ ካጋጠመሽም አትገረሚ።

ለ3 ዓመቷ ከሣጥኑ ውጭ የራሷ መጽሐፍ ይኑራት፣ ልትነክሰው የምትችለው። ካርቶን በእጅ መዳፍ ልክ ቁረጪ። ከአሮጌ ካላንደር የላም፣ የዶሮ፣ የሰው ፊት ሥዕል አውጥተሽ ለጥፊበት። የትኛው ገጽ ከየትኛው እንደሚቀድም እሷ ትደርድር፤ ዶሮዋ ሦስት ጊዜ ብትመጣም ይሁን። ከጎኑ ሦስት ቦታ በምስማር አንቺ ብሺው፣ ክሩን ታላቋ ታስገባው።